ለራሱ የያዘ፣ ለጌታው የያዘ

ስለ ሸዋ ሮቢት ሲነሣ ሙቀቱንና ማሾውን የማያነሣ የለም። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። «በታሪክ ዓምድ ላይ ውሻ ምን ይሠራል?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ጥቂት ይታገሠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሙስሊም አዛውንት ማሽላቸውን የሚጠብቅ ውሻ ነበራቸው። የልጅ ልጃቸው ጓደኛዬ ነበርና ሁለታችን ውሻውን ቆቅና ጅግራ አስይዘን ልናስመጣ ተማከርን። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ የመጀመሪያው በእኛ ቤት፣ ሁለተኛው በእነሱ ቤት ይታረዳል። በእኛ ቤት የታረደውን እነሱ አይበሉም፤ የእነሱንም እኛ አንበላም። እንግዲህ ወፉ እስኪታረድ ድረስ ነፍሱ መቆየት አለባት። የሁለት ቤት ወጥ በአንድ ውሻ ጥርስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አዛውንቱ መጀመሪያ ሣቁብን፤ ቀጥለው አስተማሩን። ጨርቅ ጠቅልለው የጅግራ ላባ አሠሩበትና ወረወሩት። ውሻው ተቀምጦ እንዲያይ፣ ሲፈቀድለት ብቻ እንዲሮጥ፣ አንሥቶ እንዲመለስ ቀን በቀን አለማመዱት። «ውሻውስ ለምዷል» አሉን አንድ ቀን፤ «ያልለመዳችሁት እናንተ ናችሁ። ይዞ ሲመጣ አታሯሩጡት፤ ከአፉ አትንጠቁት፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።»

ቀኑ ደረሰና ውሻው አንድ ቆቅ ያዘ። ተራው የእኛ ቤት ነበርና ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እየጮኽሁ ወደ ውሻው ሮጥሁ። ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ዞሮ ፈረጠጠ። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ስደርስበት የተረፈው ላባና እግር ብቻ ነበር። ዱላ ሳነሣ አዛውንቱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ልትነጥቀው ስትሮጥ ለራሱ ያዘው» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጠይ ጎሣ አለቃ የነበረው ዐዲይ ቢን ሓቲም ውሻ ስለሚይዘው አደን ነቢዩ ሙሐመድን መጠየቁ በሐዲስ ተዘግቧል። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሠለጠነ ውሻ የፈጣሪ ስም ተጠርቶ ከተለቀቀ የያዘው ይበላል፤ ከያዘው ከቀመሰ ግን ለራሱ ይዟልና አይበላም። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠብ በሚባልበት ሃይማኖት፣ ትምህርት አንድን ውሻ ከሌላው ይለየዋል። የጥርሱ ስለት ያው ነው፤ ልዩነቱ የተማረውና ያልተማረው ነው።

በክርስቲያኑም ወገን የኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 በሜዳ አውሬ የሰበረው ሥጋ እንዳይበላ ይከለክላል፤ ለውሻ ይጣል ይላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ደግሞ ታንቆ ከሞተ እንድንርቅ ያዛል። በይፋት ቆላ እነዚህ ሁለት ሕጎች ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ያዘ፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረ ዲን ተዋጉ። ነገሥታቱ ሲዋጉ የተጻፈው ብዙ ነው። ጎረቤታሞች በታረደ ሥጋ ሳይገናኙ እንዴት ተከባብረው እንደኖሩ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ጠመንጃው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ በይፋት በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በደቡብ አፍሪካ አደኑ የታወቀ ሰው ነበር፤ ካመጣቸው ስጦታዎችም ጠመንጃ ይገኝበታል። በእሱ አገር ጠመንጃ እየተሻሻለ ሲሄድ ከሩቅ ተመትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚወድቀው ወፍ በዛ፤ ፈልጎ የሚያመጣ ውሻም ተፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1868 በስኮትላንድ፣ በኋላ ሎርድ ትዊድማውዝ በተባለ ባለርስት ቤት የተወለዱ አራት ቢጫ ቡችሎች ዛሬ ጎልደን ሪትሪቨር ለሚባለው ዘር መነሻ ናቸው። የእነዚህ ውሾች አሠልጣኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ሥጋውን የማያደቅቅ ለስላሳ አፍ ነው። ለባለቤቱም የሚሰጡት ምክር ከጎረቤቴ ምክር አይለይም፤ ውሻውን አታባርረው፣ አትንጠቀው፣ ይዞ ሲመጣ አትቆጣው።

ዛሬ ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል የእኛን ሥራ ልጆች እንዲደግሙት አልመክርም። መጨረሻውን ግን ልንገራችሁ። ከሳምንታት በኋላ ውሻው አንዲት ጅግራ ያዘ። እኔ ቁጭ አልሁ፤ ልቤ እየዘለለ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። መጣና መዳፌ ላይ አኖራት። ክንፏ ተጎሳቁሏል እንጂ ነፍሷ አልወጣችም። የእኔ ተራ በራሴ ጥፋት አልፏልና በእነሱ ቤት ታረደች። ማታ የወጡ ሽታ በአጥሩ አልፎ መጣ። እኔ እንደማልበላው አውቅ ነበር፤ ግን ቅር አላለኝም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ሳይበላ ይዞ የሚመጣም አለ፤ እሱን የሚያገኘው ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የተማረ ሰው ነው።