ናይሮቢ ላይ የስዕል ቤት የከፈቱት ሰዎች እና እኛ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡና ስታፈሉ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት፤ እዚህ ያለው ወረቀት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ።

ባለፈው ስለ አንዲት ልጃችን ጽፌላችሁ ነበር። ያደገችው ካኩማ ነው፤ ስዕል የለመደችውም እዚያው፣ ከእርዳታ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። አራት ስዕሎቿ ናይሮቢ ውስጥ ለሚደረግ የጋራ ዐውደ ርዕይ ተመረጡላት። ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋልና በጊዜው አመለከተች። ፈቃዱ ግን የወጣው ዐውደ ርዕዩ ተከፍቶ በሦስተኛው ቀን ነው። ሸራዎቹ ቀድመው ደርሰው ነበር። በፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ተጠቅልለው፣ ከአንድ ዘመዳችን ጋር በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መጡ። ተቀብዬ እንጨት ላይ ያስወጠርኳቸው እኔ ነኝ። በመክፈቻው ምሽት ስዕሎቹ ግድግዳው ላይ አሉ፣ ሰዓሊዋ የለችም። አንድ ሰው ቀርቦ ሰዓሊዋ የት እንዳለች ሲጠይቀኝ «ፈቃድ እየጠበቀች ነው» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም።

ያን ከጻፍኩ በኋላ ብዙዎቻችሁ መልስ ሰጣችሁኝ። ከሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን አንድ ጋሼ የጻፉልኝ ነው። «ልጅቷን ለምን ታስጨንቋታላችሁ? ስዕል ለባለ አገር ነው። ስደተኛ መጀመሪያ ፕሮሰሱን ይጨርስ» አሉኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ግን «ስዕል ለባለ አገር ነው» የሚለው ቃል ሲከነክነኝ ሰነበተ። ነገሩ በታሪክም እውነት አይደለም። እኛ በራቸው ላይ ቆመን የምናፍርባቸውን የስዕል ቤቶች እነማን እንደከፈቷቸው ላውጋችሁ።

በ1963 ናይሮቢ ውስጥ «ቼምቼሚ» የሚባል የኪነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፣ ምንጭ ማለት ነው። የከፈተው ሰው ኬንያዊ አልነበረም። ኤዝኪኤል ምፋህሌሌ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ደራሲና መምህር ነበር። አፓርታይድ ለጥቁር ልጆች ያወጣውን የትምህርት ሕግ ስለተቃወመ ከማስተማር ታግዶ፣ በ1957 አገሩን ለቆ ወጣ። ናይጄሪያ ኖረ፣ ፓሪስ ኖረ፣ ከዚያ ናይሮቢ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ኬንያ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ባንዲራው እንኳ ገና አዲስ በነበረበት ከተማ፣ ጸሐፊና ሰዓሊ የሚሰባሰብበትን ቤት የከፈተ ሰው ወደ አገሩ መመለስ የማይችል ሰው ነበር። ኬንያም ብዙ አልቆየም፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። እንደኛው ማለት ነው፤ እዚህ የቆየው መንገድ ላይ ሆኖ ነው። «ፕሮሰሴ ይለቅ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም።

በቼምቼሚ የስዕሉን ክፍል የያዘው ኤሊሞ ንጃውም ከሌላ አገር የመጣ ነው። የተወለደው በ1932 ታንጋኒካ፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ማራንጉ ላይ ነው። ስዕል የተማረው ዩጋንዳ፣ ማኬሬሬ ነው። የማኬሬሬንም የስዕል ትምህርት የጀመረችው ማርጋሬት ትራውል የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ በ1937 ማስተማር ስትጀምር ክፍሏ የቤቷ በረንዳ ነበር። ንጃው በ1959 ሙራንጋ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ክርስቶስን ጥቁር አድርጎ፣ በኪኩዩ ኮረብታዎች መካከል ሣለው። የማው ማው ዘመን ቁስል ገና ትኩስ ነበረና ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። በ1965 ደግሞ ከባለቤቱ ከደራሲዋ ርብቃ ንጃውና ከወዳጆቻቸው ጋር «ፓ ያ ፓ» የሚባለውን የስዕል ቤት ናይሮቢ ላይ ከፈተ። አፍሪካውያን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው ያስተዳደሩት ጋለሪ ነው። በ1997 እሳት ተነስቶ ብዙ ስዕል፣ መጻሕፍትም ጭምር በላበት። ሰውየው ግን ቤቱን አልዘጋም። እኔ በኪያምቡ መንገድ በኩል ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ግቢው ዛፍ በዛፍ ነው፣ ቅርጻ ቅርጾቹ ሣሩ ውስጥ ቆመዋል። ማታቱ ለምትፈሩ፣ ብዙም ሩቅ አይደለም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሦስት ሰዓሊዎች ጋለሪ ከፈቱ፣ ስሙንም «ዋታቱ» አሉት፤ ሦስቱ ሰዎች ማለት ነው። በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሩት ሻፍነር የምትባል ጀርመን የተወለደች ሴት ያዘችውና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰዓሊዎችን ሥራ በብዛት መስቀል ጀመረች። እዚያ ስማቸው ከገነነ መካከል ጃክ ካታሪካዌ አንዱ ነው። ዩጋንዳዊ ነው፣ ኪጌዚ አካባቢ የተወለደ፣ ሾፌር የነበረ። ሕልም የመሰሉ ላሞችን እየሣለ ናይሮቢ ኖረ፤ በ2018 አረፈ። እስኪ ንገሩኝ፣ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ጋሼ የሚሉት ባለ አገር የቱ ነው?

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1995 ኩኦና ትረስት በናይሮቢ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ለወጣት ሰዓሊዎች መሥሪያ ቦታ ይዞ ተነሳ፤ ኩኦና ማየት ማለት ነው። በ2003 በኢንዱስትሪ አካባቢ አንድ መጋዘን ተጠርጎ ጎዳውን የጥበብ ማዕከል ሆነ። ካምፓላ ያላችሁ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ናካሴሮ ላይ ኖሞ ጋለሪ አለላችሁ። 32 ዲግሪ ኢስት የሚባለው ማዕከልም በ2011 ተቋቁሞ አሁን ካባላጋላ ውስጥ ነው፤ ክትፎ ከምንበላበት ሰፈር ማለት ነው! ስንቶቻችን ነን በአጠገቡ እያለፍን አንድም ቀን ያልገባነው? እኔም ራሴ ካምፓላ በኖርኩበት ጊዜ ገብቼ አላውቅም። ጥበቃው መታወቂያ የሚጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ልምጣ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» በሚለው ግጥሙ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየበዓሉ የሚያለቅሱበት እናቶች ሁሉ ሰዓሊ እንደነበር ግን አያውቁም። ሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ሰው ቅዱስና ጀግና በለመደበት ግድግዳ ላይ ክብ፣ መስመርና ቀለም ብቻ ያለበት ስዕል ሰቀለ። ብዙ ተሳቀበት፣ ብዙም ተከራከረ። በደርግ ዘመን አገሩን ለቆ ወጣ። በ1981፣ 50 ዓመት ሳይሞላው፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ በስደት ሞተ። ጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። ስዕሎቹ አገራቸው ገቡ፣ እሱ አልገባም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያቺ የመክፈቻ ምሽት ትመጣብኛለች። የእሷ ሦስት ቀን ነው፣ የእሱ ግን እስከ መጨረሻው ነው።

ሌላዋ ከበደች ተክለአብ ናት። ወጣት ሳለች ከደርግ ስትሸሽ ተይዛ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሶማሊያ ውስጥ በእስረኞች ካምፕ ኖረች። አሥር ዓመት! ከዚያ ወጥታ አሜሪካ ገባች፣ እስክንድር ቦጎሲያን በሚያስተምርበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስዕል ተማረች። እስክንድርን የማታውቁት ካላችሁ፣ በ1960ዎቹ ሥራውን የፓሪስና የኒው ዮርክ ትልልቅ ሙዚየሞች የገዙለት የእኛው ሰው ነው፤ ከ1972 ጀምሮ ሃዋርድ ለረጅም ዘመን አስተማረ። መምህርና ተማሪ ሆነው አብረው የሠሩት «ኔክሰስ» የሚባል የብረት ሥራ ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ነው። ዲሲ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለፓስፖርት ጉዳይ ስትሄዱ ቀና በሉ። ከእስረኛ ካምፕ የወጣች ሴት ያረፈችበት ግድግዳ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ልክ የሆኑበትም ቦታ አለ፣ አልክድዎትም። ስዕል የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ቢከፍልም በየወሩ አይደለም። ጋለሪ ከሽያጩ ከ30 እስከ 50 በመቶ መውሰዱ የተለመደ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ በባንክ ነው፤ የስደተኛ መታወቂያ ይዞ የባንክ ሒሳብ መክፈት ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን። ውጭ አገር የሚጋብዝ ዕድል ሲመጣ ፓስፖርት ይላል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ እስኪወጣ የማመልከቻው ቀን ያልፋል። እኔ የምለው ግን ይህ የወረቀት ችግር ነው። የስዕል ችግር አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገን ለልጆቻችን ስንነግራቸው ወረቀቱ ያልከለከለውን እኛ እንከለክላለን።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በየዓመቱ ጁን 20፣ የስደተኞች ቀን ሲመጣ፣ ድንኳን ይተከልና ሰዓሊዎቻችን ይጠራሉ። ድንኳን ሣሉ፣ እንባ ሣሉ፣ ሽቦ አጥር ሣሉ ይባላሉ። ቲሸርት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ስዕሉ መጋዘን ይገባል። ልጅቷን አንድ ጊዜ አስተባባሪው «ይህ ስደተኛ አይመስልም» ብሎ ሥራዋን መልሶባታል። የሣለችው የጎረቤቷን የቱርካና ሴትዮ አንገት ላይ ያለውን ጨሌ ነበር፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብቻ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ናይሮቢ የተመረጠላት ያው ስዕል ነው። ጁን 20ን ተዉት አልልም። ግን ቀሪዎቹ 364 ቀናትስ?

ሱዳኖቹን ተመልከቱ። በአፕሪል 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ከካርቱም የሸሹ ሰዓሊዎች ናይሮቢ ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ አብረው መሥሪያ ቤት ያዙ፣ አብረው ዐውደ ርዕይ አሳዩ። ሐዘናቸውን ይዘው ነው የሠሩት። እኛ እዚህ ከ1991 ጀምሮ አለን። ዕድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን። የሰዓሊዎቻችን ስም ዝርዝር ግን አንድ ገጽ የለንም።

ዐውደ ርዕይ ግን አልነበረንም ለማለት አይደለም። የእኛ ጋለሪ ምግብ ቤቱ ነበር። ኢስሊ ያሉትን የሐበሻ ቤቶች አስቡ። ላሊበላ፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ገና ጨዋታ፣ ጎንደር ግንብ። ብዙዎቹን የሣሏቸው በዚያ ያለፉ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ ለወር ምግብ፣ አንዳንዱ ለማደሪያ ሣለ። ከዚያ ኬዛቸው አለቀና አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ሚኔሶታ ሄዱ። ስዕሉ ግድግዳው ላይ ቀረ፣ ጭስ ጠጣ፣ ቤቱ ሲታደስ በላዩ ቀለም ተቀባ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛውን ለማስቆም ደርሼ ነበር፣ ሠራተኛው ሮለሩን ይዞ ግማሹን ጨርሶት አገኘሁት።

ስለዚህ የምትሥሉ ልጆች፣ እባካችሁ ከሁሉ በፊት ሥራችሁን በስልክ አንሱት። በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ቀጥ ብሎ። ከሥሩ ስማችሁን፣ የሠራችሁበትን ዓመት፣ ቁመትና ወርዱን በሴንቲ ሜትር፣ በምን ቀለም እንደተሠራ ጻፉ። የዐውደ ርዕይ ጥሪ ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ እና ስለ ሥራችሁ አንድ ገጽ ጽሑፍ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ እሑድ እሑድ ቁጭ ብለን አብረን እንመልሰዋለን። ለጋለሪ ስታስረክቡ ደግሞ ምን እንደሰጣችሁ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ስንቱ የእናንተ እንደሆነ ያለበት የተፈረመ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። ማፈር የለም።

ልጅቷ ፈቃዷን ይዛ በሦስተኛው ቀን ማታ ደረሰች። በማግስቱ ጠዋት ሄድን። አዳራሹ ባዶ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። የራሷ ስዕል ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ «ትንሽ ዘሟል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አስተካከልነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ያያያዝኩትን ፎቶ ተመልከቱ። ኢስሊ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከዘይት ጀሪካን ኋላ ያገኘሁት ስዕል ነው። በጣውላ ላይ የተሣለ ነው፤ ሌሊት ነው፣ አንዲት ሴት በፋኖስ ብርሃን ጀሪካን ተሸክማ ትሄዳለች። ግርጌው ላይ «ካኩማ 94» ይላል፤ ስም የለውም። ባለቤቷ እናት «አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፣ በግራ እጁ ነበር የሚሥለው» ከማለት በቀር አያስታውሱም። በዚያን ጊዜ ካኩማ የነበራችሁ፣ ግራኝ ሰዓሊ የምታስታውሱ ካላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።