ካርታው ባዶ አልነበረም

ባለፈው የፈተና ሰሞን ነው። ማታ፣ ጥናት ሰልችቶን፣ አንዱ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይጫወታል፤ እኛ አምስት ስድስት ሆነን ከኋላው ተኮልኩለን እናያለን። አንድ ሰው በፈረስ ሆኖ ጦር ያለፈበትን መንደር ያቋርጣል። ገበሬው ያማርራል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ከመንገዱ ዳር የተሰቀለ ሬሳ አለ። ሁላችንም ዝም ብለን ቆየን። በኋላ አንዱ፣ «እንዲህ ያለ ጨዋታ በእኛ አገር ታሪክ ላይ ቢሠራ!» አለ። ወዲያው አክሱም ተነሣ፣ ላሊበላ ተነሣ፣ የጎንደር ግንብ ተነሣ። እኔ የሳንጃ ልጅ ነኝና፣ «የአርማጭሆና የመተማ ቆላስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «እዚያ ደግሞ ምን አለና? ሙቀትና ወባ፣ ሽፍታና ሰሊጥ! ካርታው ላይ ባዶውን ትተወዋለህ እንጂ» አለኝ ባለኮምፒውተሩ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ መልስ ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። አንድን አገር ካርታ ላይ ባዶ አድርጎ መተው የጨዋታ ሠሪ ጥፋት ብቻ አይደለምና፤ ታሪክ ጸሐፊም፣ ባለሥልጣንም፣ ተማሪም ሲያደርገው ኖሯል። ስለዚህ ስመ ጥር የሆኑት የጨዋታ ስቱዲዮዎች ዓለም የሚፈጥሩበትን ልዩ ልዩ ዘዴ ከቆላው ታሪክ ጎን አቁሜ ልመዝነው ፈለግሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ የሚና ጨዋታ ምንድን ነው? ገበጣ ስንጫወት ጠጠር እንቆጥራለን። ሰንጠረዥ ስንጫወት ንጉሡንም ፈረሱንም ከላይ ሆነን እናዝዛለን። የሚና ጨዋታ ግን ከሰልፉ መካከል አንዱን ሰው መርጦ በእሱ ዓይን ማየት፣ በእሱ እግር መሄድ ነው። መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላስፈለገውም። በ1974፣ የእኛ አብዮት በፈነዳበት ዓመት ማለት ነው፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲያወጡ ዕቃው ወረቀት፣ እርሳስና ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ነበር። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሰው ሰው ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ የተራኪውን ቦታ የወሰደው በኋላ ነው። ይሄን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ከአሜሪካኑ ቤቴስዳ እንጀምር። ይህ ስቱዲዮ የሚያስቀድመው ምድሩን ነው፤ «አገሩን ልሥራው፤ ሰው ገብቶ የፈለገውን ይሁን» ይላል። በ1996 ያወጣው «ዳገርፎል» ስፋቱ የታላቋ ብሪታንያን ያህላል ተብሎለት ነበር። ግን አብዛኛውን መሬትና ከተማ የደለደለው ማሽን ስለ ነበረ አንዱ መንደር ከሌላው አይለይም፤ አንዱን ያየ ሁሉን አየ። በ2002 «ሞሮዊንድ»ን ሲሠሩ ተማሩ። አገሩን አሳነሱት፣ ወደ አንዲት ደሴት አወረዱት፣ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በእጅ አስቀመጡት። ስፋት ሀብት አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ«ሞሮዊንድ» ውስጥ ተጫዋቹ አንሥቶ የሚያነባቸው መጻሕፍት አሉ፤ መጻሕፍቱም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንድ የጥንት የጦር መሪ በታላቅ ጦርነት ጊዜ ሞቷል። አንዱ መጽሐፍ በውጊያ ቆስሎ ሞተ ይላል፤ ሌላው የገዛ ወዳጆቹ ገደሉት ይላል። ጨዋታው እስከ መጨረሻው «እውነቱ ይኸ ነው» ብሎ አይፈርድም። ተጫዋቹ ራሱ ማመዛዘን አለበት።

ይህን ሳነብ መተማ ትዝ አለኝ። በ1887 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው መተማን አቃጠሉ። በዓመቱ፣ በጥር 1888፣ የማህዲስቶቹ አዝማች ሐምዳን አቡ አንጃ ወጥቶ ሳር ውሃ ላይ ንጉሡን ድል ነሣ፤ ጎንደር ገብቶም አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. (መጋቢት 1889) ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራሳቸው ወረዱ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለ ነበር መተማን የያዘው ዘኪ ጡማል ነው። የእሾሁ አጥር ተጥሶ ድሉ ሊለይ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። እሳቸው ዐረፉ፤ አስከሬናቸው ወደ ኋላ ሲመለስ ተማረከ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ያው አንድ ቀን ነው። እኛ ዘንድ ለሃይማኖቱና ለአገሩ የሞተ ንጉሥ ቀን ነው። ኦምዱርማን ዘንድ ከእግዚአብሔር የተላከ ድል ነበር። ግን ለመተማ ገበያተኛ ያ ቀን ምን ነበር? ጎጃም መጥቶ ያቃጠለው፣ ደርቡሽ መጥቶ ያጠረው፣ ንጉሠ ነገሥት መጥቶ የሞተበት ከተማ የራሱ ነው እኮ! የእሱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ ማን አኖረለት?

ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ስቱዲዮ ይወስደናል። ባዮዌር በ1995 በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ የተቋቋመ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል የሕክምና ዶክተሮች ነበሩበት። ዶክተሮቹ ምድርን ሳይሆን ሰውን ነው ያስቀደሙት። በ1998 «ባልደርስ ጌት»ን ሲሠሩ ዓለሙን እንኳ ራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከ«ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተውሰው የመንገድ ጓደኞችን ጠባይ፣ ጠባቸውንና ፍቅራቸውን ጨመሩበት። በ2009 ያወጡት «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» ደግሞ ስድስት ልዩ ልዩ መነሻ አለው። ከመኳንንት ብትወለድና ከከተማ ድሃ ሰፈር ብትወለድ ታሪኩ የሚከፈትልህ በሌላ በር ነው፤ ያው አንድ ከተማም በሌላ ፊት ነው የሚቀበልህ።

ይህን ዘዴ ወደ መተማ እናምጣው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው ወደ መካ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በ18ኛው መቶ ዓመት እዚያ ሰፍረው ቀሩ፤ ተክሩሪ የሚባሉት ናቸው። ሼኾቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም እየገበሩ ገበያውን አቆሙት። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ አለ፤ የሰው ልጅም፣ ያሳዝናል፣ እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። እንግዲህ መነሻዎቹን ቁጠሩ። የተክሩሪ ነጋዴ ልጅ። ሰም ጭኖ ከጎንደር የወረደ ሲራራ ነጋዴ። አጥር ውስጥ የተሰለፈ የዘኪ ጡማል ወታደር። ስንቅ ተሸክማ ጦሩን የተከተለች ሴት። ታስሮ ለሽያጭ የቀረበ ሰው። አምስቱም በአንድ ገበያ ቆመው አምስት ዓለም ያያሉ። ባዶ ነው የተባለው ቦታ ይኸ ነው!

ስለ ሚና ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሳለ የራስ አል ፊል፣ ማለትም የዚሁ የመተማ አካባቢ፣ ገዥ ተብሎ ተሾሞ ነበር። ማዕረጉ የእሱ ሆነ፤ ሥራውን ግን የሚሠራው ያሲን የተባለ እስላም ምክትሉ ነበር። ስሙን በመጽሐፍ የምናነበው የብሩስን ነው። አገር ያስተዳደረው ያሲን ግን እዚያው የብሩስ መጽሐፍ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ሦስተኛው መንገድ የምሥራቅ አውሮፓውያኑ ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የአገሩን ደራሲ የአንድሬ ሳፕኮቭስኪን ልብ ወለዶች መሠረት አድርጎ በ2015 «ዊቸር 3»ን አወጣ። ከክፍሎቹ አንዱ ቬለን የሚባል የሁለት ጦር መፋለሚያ የሆነ፣ ባለቤት የሌለው የሚባል ምድር ነው። ምድሩ ግን ባዶ አይደለም፤ የተራበ ገበሬ፣ የተሰደደ፣ የከዳ ወታደር ሞልቶበታል። ምርጫውም አብዛኛውን ጊዜ በክፉና በክፉ መካከል ነው። የቼኩ ዋርሆርስ ደግሞ በ2018 «ኪንግደም ካም፦ ደሊቨራንስ»ን ሲያወጣ ዘንዶም አስማትም አላስገባም። ቦታው ቦሄሚያ፣ ዘመኑ 1403፣ ባለታሪኩ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ማንበብ እንኳ ስለማይችል ተጫዋቹ ፊደል ማስቆጠር አለበት። ያ ሁሉ ሰው ወዶት እያለ አንድ ክርክር አስነሣ፦ «በዚያ አገር በዚያ ዘመን ማን ይኖር ነበር? ማንን ተዋችሁት?» ተባለ። ክርክሩ ቢሰለችም ጥያቄው ትክክል ነው። የመተማን ታሪክ ተክሩሪውን ትቶ፣ የሱዳኑን ገበሬ ትቶ፣ ጉሙዙን ትቶ የሚሠራ ሰው ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የእኛ ቆላም ባለቤት የሌለው ሲባል የኖረ የሁለት ጦር መፋለሚያ ነው። በ1902 ምኒልክና እንግሊዞች ባደረጉት ውል ድንበሩ ተሠመረ፤ ጋላባትና መተማ አንድ ደረቅ ወንዝ እያያቸው የሁለት መንግሥት ሆኑ። በኅዳር 1940 በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊሊያም ስሊም የህንድና የእንግሊዝ ወታደሮችን ይዞ ጋላባትን ከጣሊያን ቀማ፤ ግን ከሰማይ በወረደ ቦምብ ተገፍቶ ለቀቀ፤ መተማን አልያዘም። በ1977 ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ይዞ ነበር። በ1984 ድርቅና ጦርነት ያሳደደው ሕዝብ፣ ቤተ እስራኤላውያንም አብረው፣ በዚሁ ቆላ በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ስንቱ በመንገድ ቀረ! በ2023 ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሰዉ በዚያው በር፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ መተማ ገባ። አያቱ የሸኘውን የልጅ ልጁ ተቀበለ ማለት ነው። ይሄን የሚያህል ታሪክ የትኛው ደራሲ ይፈጥራል?

አሁን ደግሞ እኛ በሌሎች ጨዋታ ውስጥ እንዴት ገባን እንበል። ፊራክሲስ በ«ሲቪላይዜሽን» ተከታታይ ጨዋታው በ2007 ዘርዐ ያዕቆብን፣ በ2012 ኃይለ ሥላሴን፣ በ2020 ምኒልክን አቀረበ። በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ዮዲትን አመጣ። ደስ ይላል፤ አልነቅፍም። ግን ሁሉም ነገሥታት ናቸው፤ ከላይ ሆኖ ማዘዝ ነው፤ የሰንጠረዥ ልጆች ናቸው። ንጉሥ ካልሆነ ኢትዮጵያዊ የለም ወይ? ደግሞስ ንጉሡም ቢሆን ከየት መጣ? የቋራው ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት የዚህ ቆላ ሽፍታ ነበር። በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥሞ የተሸነፈውና የመድፍን ነገር በሥጋው የተማረው በዚሁ የድንበር ምድር ነው። የሴባስቶፖል ሐሳብ የተፀነሰው ቆላ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

«ታዲያ ማን ይሥራው?» ትሉኝ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ«ኩኩሉ» ዶሮ አስሩጧል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አስገብቷል፤ በራስ ዕቃ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። ካሜሩን ውስጥ ደግሞ ኪሮኦ ጌምስ የሚባል በያውንዴ ከተማ ያለ ስቱዲዮ አለ። ኦሊቪዬ ማዲባና ጓደኞቹ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው በ2016 «ኦሪዮን»ን፣ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተቀዳ የሚና ጨዋታ፣ አወጡ። ባለታሪኩ በዘውዱ ቀን በአማቹ የተገለበጠ መስፍን ነው፤ ሚስቱን ይዞ ዓለምን ይዞራል። እነሱም ከመስፍን አልወጡም፤ ግን የሌላ ፈቃድ አልጠበቁም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ከቤቴስዳ ስፋቱን ሳይሆን የማይስማሙትን መጻሕፍት እንውሰድ። ከባዮዌር የልዩ ልዩ መወለጃውን በር። ከዋርሆርስ ያለ አስማት ማመንን፣ ከነተወቀሰበት ጥያቄ። ከካሜሩኖቹ ድፍረቱን። ታሪኩ በንጉሡ አይጀምር፤ በንጉሡ ሞትም አይለቅ። በአንድ የገበያ ቀን ይጀምር፤ ጦሩ ካለፈ በኋላ ማን ገበያውን እንደ ገና እንዳቆመው ይጠይቅ።

ስቱዲዮ ግን የለንም። ልክ ነው። ወረቀትና እርሳስ ግን አለን፤ በ1974 የተጀመረውም በዚያ ነው። የተራኪው ቦታ አሁንም ክፍት ነው። በክረምቱ ዕረፍት ሁላችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እኔ ሳንጃ እገባለሁ፤ በ1984 የሚያልፈውን ሰው ውሃ ያጠጡ እናቶች፣ ያስፈራሩም፣ የዘረፉም፣ ያሻገሩም ዛሬ አርጅተው እዚያው ናቸው። አንዱ የሚለው ከሌላው አይገጥምም። እኔም አላስገጥመውም፤ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። እናንተም የየአገራችሁን ጻፉ። ያኔ ባለኮምፒውተሩ ጓደኛዬ ጨዋታውን ሊሠራ ሲነሣ ባዶ ካርታ አያገኝም።