ያገለገለ የጀልባ ሞተር ፍተሻ

ያገለገለ የጀልባ ሞተር ፍተሻ ሲሠራበት የቆየ የሞተር ጀልባ ከመገዛቱ በፊት ሞተሩ ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ የሚደረግ ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በይበልጥ የሚነሳው በጣና ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ ተሳፋሪ፣ ጎብኚና ጭነት የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ናቸው። ከደንገል የምትሠራው የጣና ታንኳ ስታረጅ ውኃ እየመጠጠች ስለምትከብድ ማርጀቷ በዓይን ይታያል። ሞተር ግን ጉዳቱ ከሽፋኑ ሥር ነው። ሐይቁ ወደ 84 ኪ.ሜ. ርዝመትና 66 ኪ.ሜ. ስፋት ስላለው መሐል ላይ ሞተር የጠፋበት ጀልባ ነፋስና ማዕበል ከተነሳበት ተሳፋሪዎቹ ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለውንና በቤንዚን የሚሠራውን ሞተር (አውትቦርድ) ነው።

== ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ==

ገዢው መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ይነካል። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ በብርድ ማስነሳት የሚያስቸግር ሞተር በዚህ መንገድ ሊደበቅ ስለሚችል ቀዝቅዞ እስኪታይ መጠበቅ ይሻላል። አዲስ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ቀለሙ ተፍቆ ከተገኘ ግን ሞተሩ ከተቀባ በኋላ ተፈቷል፤ ምን እንደተጠገነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጣና ውኃ ጨዋማ አይደለም። ስለዚህ እዚያው ሲሠራ የኖረ ሞተር በጨው አይበላም፤ ከባሕር ላይ አገልግሎት የመጣ ሞተር ግን የማቀዝቀዣ ውኃ መተላለፊያዎቹ ውስጥ ነጭ የጨው ቅርፊት ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታየው ቴርሞስታቱ ተፈትቶ ነው።

ቀጥሎ የታችኛው ክፍል የማርሽ ዘይት ትንሽ ተቀድቶ ይታያል። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ እንደገባበት ያመለክታል። በጣና ለዚህ የተለመደ ምክንያት የሚሆነው የዓሣ መረብ ነው፤ የናይለን ክር ከውልብልቢቱ (ፕሮፔለር) ኋላ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ውልብልቢቱን አስፈትቶ ዘንጉን ማየት ተገቢ ነው። በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ከተገኘ ማርሹ ራሱ እየተበላ ነው።

== የኮምፕሬሽን ልኬት እና ከፍታ ==

ከፍተሻው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው፤ በስህተት የሚነበበውም ይኸው ነው። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ቀዩ የማጥፊያ ገመድ ይነቀላል፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይከፈታል። ከዚያ የግፊት መለኪያው በየሲሊንደሩ እየተገጠመ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሩ ይዞራል።

የመለኪያው ቁጥር በቦታው ከፍታ ይወሰናል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ቁጥሩም ይወርዳል። ከጅቡቲ በሚሌና በወልድያ፣ ጋሸናንና ኮንን አልፎ ወደ ወረታና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚጫን አንድ ጤነኛ ሞተርን ማሰብ ይቻላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 ፒ.ኤስ.አይ. ቢያሳይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጣና ላይ 120 ያህል ያሳያል። በላስታ ደጋ፣ ለምሳሌ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ፣ ወደ 110 ይወርዳል። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በፋብሪካ መመሪያ የተጻፈውን ቁጥር ጣና ላይ እንዳለ የሚጠብቅ ገዢ ጤነኛውን ሞተር ይጥላል፤ «በዚህ ከፍታ ሁሉም ዝቅ ይላል» የሚል ሻጭ ደግሞ የደከመውን ሊሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ዋናው ነገር የሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረብ ነው። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከወጣ ያለቀው የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። ጀልባው ሁለት ሞተር ካለው አንዱ ለሌላው መመዘኛ ይሆናል፤ አብረው የሠሩ ሞተሮች ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው።

የካንዴላ ቀለምም በከፍታ ምክንያት ያሳስታል። ካርቡሬተሩ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ የቀረ ሞተር ጣና ላይ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ይህ ሞተሩ አርጅቷል ማለት አይደለም፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ቀዳዳ በጠባብ መቀየር አለበት እንጂ።

== ሲነሳ ==

ሞተሩ በደረቅ መነሳት የለበትም። የውኃ ፓምፑ ጎማ ያለ ውኃ በአጭር ጊዜ ይበላሻል፤ የታችኛው ክፍል በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይገባል ወይም ጀልባው ሐይቅ ላይ ይሆናል። ሲሠራ ከጎኑ የማይቋረጥ የውኃ ቅንጥብ መውጣት አለበት። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭ የውኃ መሳቢያ ቀዳዳዎችን ስለሚደፍን፣ አረሙ ባለበት የሠራ ሞተር በሙቀት ተጎድቶ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል መጠነኛ ሰማያዊ ጭስ የተለመደ ነው። ባለ አራት ምት ከሆነ ግን ሞቆም የማይተው ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን ያሳያል።

በአዳዲስ ሞተሮች ኮምፒውተሩ የሠራበትን ሰዓት ይመዘግባል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቆጣሪ በሌላ ሊቀየር ስለሚችል፣ የሚታመነው በመመርመሪያ ገመድ ከሞተሩ የሚነበበው ነው። ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች ይህ የላቸውም።

== በሐይቁ ላይ ==

ባዶ ጀልባ ሞተርን አይፈትንም። ጀልባው በሥራ ላይ የሚይዘውን ያህል ሰው ወይም ክብደት ጭኖ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ይሰጣል፤ የዙር ቁጥሩም መመሪያው ካስቀመጠው፣ ለብዙዎቹ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ከሆነው፣ ጋር ይነጻጸራል። ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ጣና ላይ የሚሰጠው 33 ያህል ነው። ዙሩ ጥቂት ዝቅ ካለ አነስተኛ ምጥነት ያለው ውልብልቢት ሊያስተካክለው ይችላል። ጉዞው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ሞተር ችግሩን የሚያሳየው በደንብ ከጋለ በኋላ ነው። ሲመለሱ የማርሽ ዘይቱ እንደገና ይታያል።

ከሰነድ በኩል በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ከሽያጭ ውሉ ጋር መመሳሰል አለበት። የመለዋወጫ ጉዳይም ዋጋው ውስጥ ይታሰባል፤ ለምሳሌ የኤቪንሩድ ሞተር ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል።