ማን ይቅደም? የቅድሚያ አሰጣጥ ታሪክ ከቴሌግራም እስከ ኔትወርክ ስዊች



የዛሬው ንግግሬ በአንዲት አጭር ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ማን ይቅደም? በኔትወርክ ስዊች ላይ ይህንን ጥያቄ በጥቂት ትእዛዛት እንመልሰዋለን። ትእዛዛቱን ለዓመታት ሳስተምር ግን ከበስተጀርባቸው ያለው ታሪክ ቸል መባሉን ታዝቤአለሁ። ታሪኩ የሚያሳየን ቅድሚያ መስጠት የቴክኒክ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመተማመን ጉዳይ መሆኑን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር ይቀድማል። በ1875 በቅዱስ ፒተርስበርግ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ስምምነት ቴሌግራሞችን የመንግሥት፣ የአገልግሎትና የግል ብሎ በሦስት ከፈላቸው፤ ለመንግሥት ቴሌግራምም ቅድሚያ ሰጠ። በመንግሥት ስም መላክ የሚችሉት እነማን እንደሆኑም ዘረዘረ። መብቱ የተሰጠው ከነባለቤቱ ነበር ማለት ነው።

በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ድንጋጌም በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ ለቅድሚያ 3 ቢት መደበ። 3 ቢት 8 ደረጃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ደረጃውን የሚጽፈው ፓኬቱን የሚልከው ኮምፒዩተር ራሱ ነው። ሁሉም «እኔ ልቅደም» ቢል ማን ይከለክለዋል?

ፈተናው ብዙም አልዘገየም። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ማእከላትን የሚያገናኝ ዋና መስመር ዘረጋ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ነበር። በዚህ መስመር 576 ባይት የያዘ ፓኬት ለማለፍ 82 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚሠራ ተመራማሪ የመታት አንዲት ፊደል ከ20 የፋይል ፓኬቶች ኋላ ከተሰለፈች ከ1 ሴኮንድ ተኩል በላይ ትጠብቃለች። ፋይል ለሚያስተላልፈው ሰው ያቺ ሴኮንድ ምንም አይደለችም፤ ፊደል ለሚመታው ግን ሥራውን ታስተጓጉልበታለች።

መጨናነቁ ሲበረታ ፈዝቦል በሚባሉት የመስመሩ ራውተሮች ላይ ለእንዲህ ያለው ሥራ ቅድሚያ ተሰጠ። ዘዴው ሠራ። ነገር ግን ለተጠቃሚው በይፋ አልተነገረም፤ ቢታወቅ ኖሮ ፋይሉን የፊደል ምት አስመስሎ የሚልክ አይጠፋም ነበርና። ሥርዓቱን ያቆመው ምስጢርነቱ እንጂ ሕግ አልነበረም። በ1988 መስመሩ ወደ 1.5 ሜጋቢት ሲያድግ ችግሩ ለጊዜው ተቃለለ።

«እንግዲያው መስመሩን ማስፋት አይበቃም ወይ?» የሚለኝ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። አይበቃም። በስዊች ላይ ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት መግቢያዎች ወደ አንድ ባለ 1 ጊጋቢት መውጫ በአንድ ጊዜ ሲልኩ ወረፋ የግድ ይፈጠራል። የስልክ ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊሴኮንዱ አንድ ፓኬት እየሆነ ይጓዛል፤ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክርም የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ስለዚህ በ1998 የወጡት የኤተርኔት ስዊች ደረጃዎች በ32 ቢት መለያ ውስጥ እንደገና 3 ቢት ለቅድሚያ መደቡ። ስዊቹ በእነዚህ ቢቶች መሠረት ፓኬቶቹን በተለያዩ ወረፋዎች ያሰልፋል። የላይኛው ወረፋ ባዶ እስኪሆን ድረስ የታችኛው አይስተናገድም ከተባለ ግን የበታቹ ጨርሶ ሊረሳ ይችላል። በመሆኑም ጥንቁቅ ባለሙያ ለላይኛው ወረፋ ጣሪያ ያበጅለታል፤ ከተጠቃሚ ኮምፒዩተር የመጣውንም ምልክት በስዊቹ መግቢያ ላይ ሰርዞ የራሱን ይጽፋል። ከ1875 በኋላ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ላኪው ለራሱ የሰጠውን ማዕርግ የሚያጣራ ዘበኛ።

በቤተ ሙከራ ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምሰጣቸው ልምምድ የየራሳቸውን ፓኬት ደረጃ እንዲመድቡ ነው። ሁሉም 7 ይጽፋሉ፤ ስዊቹም ምንም ደረጃ እንዳልተሰጠ ሆኖ ይሠራል። ቅድሚያ የመስመሩን አቅም በአንዲት ቢት እንኳ አይጨምርም፤ የሚወስነው ማን እንደሚጠብቅ ብቻ ነው። ነገ ስዊች ፊት ስትቀመጡ «ማን ይቅደም?» ብቻ አትበሉ፤ «የሚጠብቀው ማን ነው? ይህንንስ ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።