ሙጫ የጠጣው ቀለበት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በአሜሪካ ከባድ መኪና ስነዳ የገባሁባትን አንዲት ሱቅ ላውጋችሁ።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጋለፕ የምትባል ከተማ አለች። ሩት 66 የሚሉት የድሮ መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ባቡሩም ከጎኑ ሲያጓራ ይውላል። የናቫሆና የዙኒ አንጥረኞች ተርኩዊዝ የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ በብር ላይ እየገጠሙ የሚሠሩት ጌጥ እዚያ ይሸጣል። እኔም ለእህቴ ቀለበት ፍለጋ ገባሁ።

ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋ ሳልጠይቅ ሁለት ቀለበት አወጡና፣ «የዚህ ድንጋይ ከመሬት እንደወጣ ነው፤ የዚህኛው ሙጫ ጠጥቷል» አሉኝ። ሐሰተኛ ነው ያሉኝ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስረዱኝ። ድንጋዩን ሰማያዊ ያደረገው መዳብ ነው፤ ብረት ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። አብዛኛው ሲወጣ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል፤ ሙጫ ካላጠጡት ጌጥ አይሆንም። ሳይነካ የሚያምረው ጥቂት ስለሆነ ውድ ነው። ሙጫ የጠጣውም ያው ተርኩዊዝ ነው፤ ዝም ብሎ በጥሬው ዋጋ የሸጠው ሰው ግን ሰረቀ ማለት ነው። አሪዞና ውስጥ ያለው ስሊፒንግ ቢውቲ የተባለ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2012 ተርኩዊዝ ማውጣት ካቆመ ወዲህ ስሙ ብቻ ዋጋ ያስጨምራል። ሽማግሌው መነሻውን ሳያረጋግጡ የማዕድን ስም አይጠሩም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የእጅ ሥራ ያልሆነውን ጌጥ «የእነሱ ነው» ብሎ የሸጠ ግለሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 250,000 ዶላር መቀጫና እስከ 5 ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

ይህን ስንጨዋወት አንዲት ሴት ገብታ አምባር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የሟች አባቷ ነው፤ ቸግሯት ልትሸጠው ነው። ሽማግሌው በማጉያ መነጽር አዩት። ሰማያዊው በስንጥቆቹ ውስጥ ጠቁሮ ተጠራቅሟል። «ትፈቅጂልኛለሽ፣ ልጄ?» ብለው ጥጥ በአሴቶን ነክረው ጠርዙን አሹት። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ።

«ሃውላይት ነው፤ ነጭ ድንጋይ ቀለም ነክረውት» አሏት። ሴትዮዋ ምንም አልተናገረች። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ከሱቁ መውጣት ፈልጌ ነበር።

ሽማግሌው አምባሩን መዘኑ። «ብሩ እውነተኛ ነው። የብሩን ዋጋ እሰጥሻለሁ።»

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«እሳቸውንም አታለዋቸው ይሆናል።»

አምባሩን አንስታ እጇ ላይ አጠለቀችውና ወጣች። ሽማግሌውም ለምርመራው ሳንቲም አልጠየቋትም።

እኔ ሙጫ የጠጣውን ገዛሁ። በደረሰኙ ላይ ጎላ አድርገው ጻፉልኝ፦ «ተርኩዊዝ፣ ሙጫ የጠጣ።» ዛሬ አዲስ አበባ ያለች እህቴ፣ ቀለበቷን አይቶ ለጠየቃት ሁሉ መጀመሪያ የምታሳየው ያን ወረቀት ነው።