ቃልና ቀብድ

መንገደኛ የማያጣት ከተማ ብትኖር ወላይታ ሶዶ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገናኛሉ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዋ ሲቋቋም ተማሪና ወላጅ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ባለ ጉዳይና ተሰብሳቢ ተጨመረባት። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ በየአገሩ የተበተኑ ልጆቿም ይመለሳሉ። ታዲያ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ አልጋ ይገኝ ይሆን?

ጥንት ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በደጅ ነበር። መንገደኛው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። በመካከላቸው ያለው ዋስትና መተማመን ብቻ ነው።

በ1890ዎቹ ማብቂያ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያቆሙ ይህ ልማድ ከገንዘብ ጋር ተጋጠመ። ምግብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ ነውር ስለ ነበር አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው በመብላት አስለመዷቸው ይባላል። ቤቱን ከመሥራት ይልቅ የሰውን ልብ ማሳመን ከብዶ ነበር ማለት ነው።

ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዛሬ ቡኪንግ ዶት ኮም የምንለው ድርጅት በኔዘርላንድ በአንድ ወጣት ተመሠረተ። ፕራይስላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሥራው የሌሎችን አልጋ በኢንተርኔት አሳይቶ ከኪራዩ ኮሚሽን፣ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ያህል፣ መውሰድ ነው። የሚሸጠው ግን አልጋ ብቻ አይደለም፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን ያስተማምናል። እንግዳው ቢቀር ኪሣራው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ተጽፏል።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ቢሆንም ከሩቅ ሆኖ መክፈል ለብዙው ሰው አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። አልጋ በስልክ «ያዝልኝ» ይባላል፤ ማታ ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቀድሞ የደረሰው ይተኛበታል። ባለ ሆቴሉን «ቃል አባይ» ከማለታችን በፊት፣ አልጋ አሲዞ የቀረው እንግዳም ቃሉን እንዳላከበረ እናስታውስ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ቀብድ ከእጅ ስልክ መላክ ይበልጥ ቀለለ። መሣሪያው እነሆ ተገኝቷል።

የቀረው የጥንቱ ጉዳይ ነው። ኮሚሽኑ ባሕር ማዶ እንዳይሻገር፣ ፎቶግራፏ የማይታየው ትንሿ ፔንሲዮንም እንዳትረሳ፣ የሶዶ ባለ ሆቴሎች የራሳቸውን ማስያዣ በጋራ ቢያቆሙ ይበጃል። ምኒልክ ከፍለው አስለመዱ፤ እነሱ ደግሞ ቀብድ የተቀበሉበትን አልጋ እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቀው ያስለምዱን።