የጋራዥ በር ሞተር ጊር ሲበላ

አገር ቤት የግቢ በር የሚከፍተው ዘበኛ ነው። እኔ በምኖርበት በቶሮንቶው ጄን ኤንድ ፊንች ግን የጋራዡ ዘበኛ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለ ሞተር ነው።

ሞተሩ እየጮኸ በሩ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሽፋኑን ክፈቱ። ነጭ የፕላስቲክ ብናኝ ካያችሁ፣ ያለቀው ሞተሩ ሳይሆን ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፕላስቲክ ጊር ነው። ዋጋው ከአዲስ ሞተር እጅግ ያነሰ ነው።

ግን ከመግዛታችሁ በፊት ለምን እንደተበላ እወቁ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ቀዩን ገመድ ሳቡና በሩን በእጃችሁ እስከ ግማሽ አንሱት። ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ከከበደ ወይም ወደ ታች ከወረደ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ደክሟል፤ አዲሱም ጊር ቶሎ ይበላል።

ሞላውን ግን አትንኩ። ተወጥሮ ያከማቸው ጉልበት ድንገት ከተለቀቀ አጥንት ይሰብራል፤ ለባለሙያ ተዉት።

ጊሩን ስትቀይሩ ለሞተሩ ሞዴል የሚስማማውን ምረጡ፤ ብናኙን ጠርጉ፤ ግራሶ ቀቡ። በመጨረሻ አንድ ጣውላ ከበሩ ሥር አጋድማችሁ በሞተሩ ዝጉት። ጣውላውን ነክቶ ወደ ላይ ካልተመለሰ፣ እስኪስተካከል ድረስ በሞተሩ አትጠቀሙ፤ ከበሩ ሥር የሚገኘው ልጅ ሊሆን ይችላልና።